ለውብነህ የተቀመሰ መርፌ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን የምነግርዎ ቀድመው እንዲያውቁት ብዬ ነው እንጂ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ደግሞም ብቻዬን አይደለሁም። በእኛ አገር ጥያቄ የቀረበለት ሰው መልሱን ከማሰቡ በፊት ጠያቂውን ማን እንደላከው ያስባል። «ልጆችህ ስንት ናቸው?» ቢሉት ግብር ሊጨምሩበት፣ «ከብቶችህ ደህና ናቸው?» ቢሉት ሊያስዘርፉት፣ «ጤናህስ?» ቢሉት ርስቱን ሊወርሱት ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ አይሳሳትም።

በተለይ ጠያቂው ወረቀትና እርሳስ ከያዘ ነገር ተበላሸ ማለት ነው። ጣሊያን ጎንደር በተቀመጠበት ዘመን ስም መጻፍ ይወድ ነበር። ስማቸው ከተጻፈው ሰዎች ብዙዎቹ በማኪና ተጭነው ሄዱ፤ ሲመለሱ ያየነው ግን ጥቂቶቹን ነው። ጣሊያን ተባሮ ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ፣ እርሳስ ያየ ሽማግሌ ስሙን ሲጠየቅ የጎረቤቱን ስም ቢናገር ልንፈርድበት አይገባም።

እኔ በዚያን ጊዜ በከተማው ሆስፒታል ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ ፋሻ እጠቀልላለሁ፣ ከትምህርት ቤት በቃረምኳት እንግሊዝኛ ደግሞ አስተረጉማለሁ። አንድ ቀን ፈረንጁ ሐኪማችን ጠራኝና፣ በጦርነቱ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ አርበኞችን ልንጠይቅ ነው አለኝ። የተቆረጠው አካል አሁንም በቦታው ያለ ይመስል የሚያማቸው ሰዎች አሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ክኒን ከማደል፣ ሕመሙ እንዴት እንደሚመጣና የት የት እንደሚሰማቸው ከራሳቸው አፍ ሰምተን የሚሻል ማስታገሻ እናዘጋጅላቸው፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። እኔ ወዲያው ጠረጠርኩ። የሌለ እግር እንዴት ያማል? ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?

ማታ ወደ ቤት ስሄድ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። የአባቴ ግራ እጅ ከክርኑ በላይ የተቆረጠ ነው። አርማጭሆ በረሃ ውስጥ በጥይት ተመትቶ፣ ቁስሉ ሲከፋበት የጦር ጓደኞቹ ናቸው የቆረጡለት። ክረምት ገብቶ ጉሙ መንደራችንን አዘዞን ሲሸፍናት፣ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ይቀመጣል። «ምነው አባዬ?» ስለው «ጥርሴን ነው» ይለኛል። ጥርሱ እኮ ደረቅ በቆሎ ይፈጫል! በዚህ ዓለም ላይ ሁሉን ስጠረጥር ይህችን አንዲት ነገር ሳልጠረጥራት ኖሬያለሁ።

አርበኞቹን አስጠራን። ከአዘዞም፣ ከአይከልም፣ ከሳንጃም መጡ። ሐኪሙ «ያምዎታል?» ይላል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ መልሱ ከሁሉም አፍ አንድ ነው፤ «ምን ሲደረግ!» አንዱማ «ጣሊያን ያላስለቀሰኝን አንተ ልታስለቅሰኝ ነው?» ብሎ ፎከረብኝ። ሌላው በጆሮዬ «ምነው ልጄ፣ አያመኝም ብል አልቆሰልክም ሊሉኝ፣ ያመኛል ብል አትረባም ብለው መሬቴን ለሌላ ሊሰጡብኝ?» አለና ጭራሽ አፉን ዘጋ። ሐኪሙ በሳምንቱ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። አንድም ሕመምተኛ የለበትም።

«እንግዲያው ማስታገሻውን አላስመጣም» አለኝ። «ማንንም ካላመመ ለማን ብዬ?»

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው። የአባቴ የጋቢ ጫፍ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

የዚያን ዕለት መጨረሻ ላይ የገባው አያ ውብነህ ነበር። አያ ውብነህ የአባቴ ጎረቤትና የጦር ሜዳ ጓደኛ ነው፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የወይራ እንጨት ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ «ምን ሲደረግ!» ብሎ ሊወጣ ሲል ተመለሰና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ይልቅ አባትህን ጠይቁት። የሚሠቃይ እሱ ነው። እኔ ነገርኳችሁ እንዳትሉ ታዲያ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሐኪሙን አማከርኩትና በማግስቱ ጥያቄውን ለወጥነው፤ ስለ ራስዎ ይተዉት፣ ስለ ጓደኛዎ ይንገሩን አልን። ምን ልበልዎ፣ ግቢው ችሎት ሆነ! በጓደኛው ላይ የማይመሰክር ጠፋ። የእገሌ የሌለ እግሩ እንደሚነድ፣ የእገሌ የሌለ ተረከዙን ጉንዳን እንደሚወርረው፣ የትኛው ፀሐይ ሲሞቅ እንደሚሻለው፣ የትኛው እንደሚብስበት፣ አንዲት ሳያስቀሩ ዘረገፉት። ሐኪሙ በእርሳሱ ሊደርስባቸው አልቻለም። የሰውን ሕመም እንዲህ ጠልቀው ከየት አወቁት ብዬ መጠርጠር ይገባኝ ነበር፤ በደስታ ብዛት ረሳሁት።

አባቴ ከሰዓት በኋላ መጣ። ልጁ መሆኔን የረሳ ይመስል ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አያ ውብነህን እንዴት ነው የሚያመው?» አልኩት።

ጣራውን አየ። ወረቀቱን አየ። እርሳሱን አየ።

«ውብነህ ይሠቃያል» አለ ቀስ ብሎ። «ለሰው አይናገርም እንጂ። የግራ እጁ ጣቶች ይታጠፉበታል። ልዘርጋቸው ቢል እሺ አይሉትም። ጥፍሩ መዳፉን ይወጋዋል። ዝናብ ሲመጣማ አይጣል ነው።»

የአያ ውብነህ ሁለት እጆች እንደኔና እንደ እርስዎ እጆች ጤነኛ ናቸው።

ሐኪሙ ትርጉሙን ይጠብቃል። ከአባቴ ጋር ከአንድ ማዕድ እየበላሁ፣ የሌለው ጥፍሩ መዳፉን ሲወጋው መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። አፈርኩ። ከዚያ ምንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሐኪሙ በመስኮት፣ ግቢው ውስጥ በወይራ እግሩ የሚንጎራደደውን አያ ውብነህን አየ፤ ዞሮ የአባቴን ባዶ እጅጌ አየ። ብልህ ሰው ነበር። «ውብነህ፣ ግራ እጅ» ብሎ ጻፈ።

ማስታገሻው ክረምቱ ሳይገባ ደረሰ። ለሚነደው ሌላ፣ ለሚታጠፈው ሌላ ነው የመጣው፤ ጣት ለሚታጠፍበት ሰው በትከሻው በኩል የሚሰጥ የሚያደነዝዝ መርፌ ነበር። አባቴን አስጠራሁና የውብነህ መድኃኒት መጥቷል አልኩት። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየው።

«ማን ቀመሰው?» አለ።

እንደሚያውቁት ጠጅ የሚቀዳ ሰው፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት፣ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። «ያልተቀመሰ ነገር ለወዳጄ አልሰጥም» አለና አባቴ ጋቢውን ከትከሻው ገልጦ ጉማጅ ክንዱን ወደ ሐኪሙ አዞረ። «በሉ፣ እኔ ልቅመስለት።»

ተወጋ። ጥቂት ቆይቶ መንጋጋው ላላ። አባቴ እንዲህ ያለ ፊት እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ሸጋ ነው» አለ። «ለውብነህ ይስማማዋል።»

አንዴ ቀምሶ ማመን አይቻልም ብሎ በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ አባቴ ለውብነህ ይቀምሳል፣ ዓርብ ዓርብ ውብነህ ለአባቴ ይቀምሳል። ወሬው ሲዛመት ሌሎቹም መጡ። ሆስፒታሉ በቀማሽ ተሞላ። በሽተኛ ግን አንድም አልነበረም።

በዚህ ሁኔታ ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው አያ ውብነህ በሳንባ ምች ሞተ። አባቴ ጓደኛውን ቀብሮ ገባ፤ ሐሙስ ሲደርስ አልመጣም። በሚቀጥለውም ሐሙስ አልመጣም። ቤት ስሄድ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው፤ የጋቢው ጫፍ በጥርሱ መሃል ነው።

«ሆስፒታል እንሂድ አባዬ» አልኩት።

«ለማን ብዬ?» አለኝ።

ደጅ ወጥቼ ዝናቡን ሳይ ቆይቼ ተመለስኩና ዋሸሁ።

«አባዬ፣ ሰሞኑን ግራ እጄን እያመመኝ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ጥርጣሬን ከማን እንደወረስኩ ያኔ አወቅሁ።

«ጣቶችህ ይታጠፋሉ?»

«ይታጠፋሉ።»

«ጥፍርህስ?»

«መዳፌን ይወጋኛል።»

የተነከሰውን የጋቢውን ጫፍ በእጁ አስተካከለ።

«እሱ ያማል» አለ። «ክፉኛ ነው የሚያም። አውቀዋለሁ።»

ይህች «ያማል» የምትል ቃል ከአፉ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጋቢውን አጣፋና ተነሣ፤ ያልተቀመሰ ነገር ለልጁ አይሰጥማ።

ሆስፒታል ሄደን ቀመሰልኝ። አመስግኜው ልንወጣ ስንል በሩ ላይ ገትሮ ያዘኝ።

«አንተስ? አትወጋም እንዴ? ወይስ ዋሽተኸኛል?»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መርፌውን ሞላ። ጤነኛው ክንዴ ደንዝዞ የሌላ ሰው ይመስል ተንጠለጠለ። አባቴ አምኖኝ ይሁን ነቅቶብኝ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ብቻ እስከ አዘዞ ድረስ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ባለችው አንድ እጁ ክንዴን ደግፎልኝ ሄደ። አልፎ አልፎ ቆም ይልና ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዘረጋልኝ ነበር።