ጋሽ አይቻልም እና የታሰረው ወንበር

በየብስም በውሃም ላይ ለምትገኙ ሁሉ! የሐይቁ መናፈሻ ዘበኛ፣ የገመድ አጥሩ ጠቅላይ አዛዥ፣ የፊሽካው ብቸኛ ባለሥልጣን፣ ክቡር ጋሽ አይቻልም፣ ግዛታቸው በሐይቁ መወረሩን እስከ ዛሬ አምነው እንዳልተቀበሉ በዚህ አዋጅ ይታወቅ።

የእሳቸውን ዓይነት ሰው የማያውቅ አንባቢ የለም። በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ በየአሳንሰሩ አፍ፣ በየመዝገብ ቤቱ መስኮት ተተክሎ የሚውል፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የሚጨርስ ፍጡር ነው። «ብርሃን ይሁን» በተባለ ዕለት ተረኛው ጋሽ አይቻልም ቢሆኑ ኖሮ፣ «ማን ፈቀደ?» ይሉና እኛ እስካሁን በዳበሳ እንኖር ነበር።

በሐይቁ ዳር የማይከለከል ነገር ቢኖር ወደ ቤት መመለስ ብቻ ነው። ጮክ ብሎ መሳቅ አይቻልም፤ ዓሣው ይደነግጣል። ጠጠር መወርወር አይቻልም፤ ሐይቁ ይሞላል። አንድ ጊዜ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ መጡ። ጋሽ አይቻልም ሙሽራዋን ከላይ እስከ ታች ገረመሟትና፣ «አንቺ ግቢ። ቀሚስሽ ግን ሳሩን ይጠርጋል፤ እሱ አይቻልም» አሏት። «ታዲያ ቀሚሴን የት ልተወው?» ብትላቸው፣ «እሱ የመናፈሻው ጉዳይ አይደለም» ብለው ፊሽካቸውን ነፉ።

ከደንብ ተላላፊው ሁሉ የእግር እሳት የሆነባቸው ግን አንድ ሰው ነበር፤ ባለወንበሩ። ቀጭን፣ ግራ እግሩን የሚጎትት፣ ዕድሜው ከእሳቸው የማይተናነስ ሰውዬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ታጣፊ ወንበር በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። ከቤት የመጣ ወንበር ከገመዱ ማለፍ ክልክል ነው። እሱ ታዲያ የወንበሩን ሁለት እግር ከገመዱ ወዲያ፣ ሁለቱን ወዲህ አድርጎ ይዘረጋና ይሰየማል።

«አይቻልም።»

«ግማሹ ነው ያለፈው፣ ወንድሜ። ግማሹን ክሰሰው።»

«ወንበር ግማሽ የለውም።»

«እንግዲያው ገመድህን አንሣውና ሙሉ ይሁን።»

እንዲህ ሲነታረኩ ፀሐይ ትጠልቃለች። ሌላው ጎብኚ ወይ ተሳድቦ ወይ ተለማምጦ ይሄዳል፤ ተቀምጦ የሚከራከራቸው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ሲሄድ ጋሽ አይቻልም በመናፈሻው ጥግ ወዳለችው አንዲት ክፍላቸው ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድምፃቸውን ለፊሽካ ነው የሚያውሱት።

ያቺን የመጨረሻ ቅዳሜ ግን ጋሽ አይቻልም በግራ ጎናቸው ሳይነሡ አልቀሩም። ወንበሩን አጥፈው ወሰዱት። «ሳምንት ታስሯል። ለሚመጣው ቅዳሜ ማመልከቻ ጽፈህ ትመጣለህ» አሉ።

ባለወንበሩ ባዶውን ቦታ ጥቂት አየና፣ «እግሬ መቆም አይችልም እኮ፣ ወንድሜ» ብሎ እየጎተተ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ሐይቁ፣ አንድ ጠጠር ሳይወረወርበት፣ ሞልቶ ወጣ። ትኬት ሳይቆርጥ ገባ፤ ገመዱን ዋጠ፤ ሳሩን ረገጠ፤ የድንጋይ መቀመጫዎቹ ላይ ተጋደመ። «መዋኘት ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ የታችኛውን መስመር ደፈነውና፣ ሰሌዳው «መዋኘት» እያለ አላፊ አግዳሚውን ይጋብዝ ጀመር። ጋሽ አይቻልም እስከ ጉልበታቸው ገብተው ፊሽካ ነፉበት። ሐይቅ ግን አይሳደብም፣ አይለማመጥም፣ «ግማሹን ክሰሰው» አይልም።

መናፈሻው ተዘጋ። አንድ ቅዳሜ አለፈ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም ተከተለ። በአምስተኛው ሳምንት የመናፈሻው ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት፣ ቦት ጫማ አጥልቃ እየተንቦጫረቀች መጣች። በክፍላቸው ወለል ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ፍራሻቸው ረጥቦ ግድግዳ ተደግፏል። ጠረጴዛው ላይ፣ ብቸኛው ደረቅ ቦታ ላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወንበር ተኝቷል።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝና እህትዎ ቤት ይሂዱ። ደሞዝዎ አይቋረጥም።»

«አይቻልም። የሰው ንብረት አለብኝ።»

«የማን ነው? እኔ አደርስለታለሁ።»

«የሰውዬው ነዋ።»

«የትኛው ሰውዬ? ስሙ ማነው?»

ጋሽ አይቻልም የወንበሩን ላስቲክ አስተካከሉ።

«እሺ ቤቱስ የት ነው?»

«ቅዳሜ ነው የሚመጣው።»

«ቤቱን ነው የጠየቅኩዎ፣ ጋሼ።»

«እኮ፣ ቅዳሜ ነው የሚመጣው አልኩሽ።»

ኃላፊዋ ወንበሩን አየች፤ እሳቸውን አየች። እስከ ቅዳሜ ማታ ፈቀደችላቸው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ይታሸጋል።

እነሆ፣ ቅዳሜ ሆነ። ጋሽ አይቻልም ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ የደንብ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ አስፋልቱ ውሃ ውስጥ በሚገባበት ጫፍ ላይ ወንበሩን ዘረጉ። አልተቀመጡበትም፤ በሰው ወንበር መቀመጥ አይቻልም። አጠገቡ ቆመው፣ ከማለዳ ጀምሮ ሲያጠኑት የቆዩትን ንግግር ለራሳቸው ያነበንባሉ፤ «ማመልከቻው ይቅር። ተቀመጥ።» አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል ስለሆነ፣ «ተቀመጥ» ላይ ሲደርሱ ይንተባተባሉ። ቀትር ላይ ከሩቅ አንድ ሰው ብቅ አለ። ደረታቸውን ነፍተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰውዬው በሁለቱም እግሩ እኩል እየረገጠ አለፋቸው። እስኪመሽ ድረስ ሌላ ማንም አልመጣም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም ይህን ዘበኛ ስትረግሙ እንደኖራችሁ እናውቃለን፤ እኛም አልሰነፍንም። ቢሆንም በሠፈራችሁ ግራ እግሩን የሚጎትት፣ ክርክር የሚወድ ቀጭን ሰው ካለ፣ በሩን አንኳኩለት። ወንበርህ አልረጠበም በሉት። ስሙንም ጠይቁልን። በሩን የሚከፍትላችሁ ጥቁር የለበሰ ሌላ ሰው ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ለጋሽ አይቻልም አትንገሯቸው።