ዳሊያ ሰጥተው የማይለቁት ጋሽ ወልደሰማያት

በየሰፈሩ ሰጥቶ የማይለቅ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ስስታም አይደለም፤ እንዲያውም እጁ ለመስጠት የፈጠነ ነው። ችግሩ፣ የሰጠህ ነገር ያንተ መሆኑን ፈጽሞ አለማመኑ ነው። ድመት ከሰጠህ፣ ወተት ጠጥታ እንደሆነ ሊጠይቅ ይመጣል። ጃንጥላ ከሰጠህ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይደውላል። እንዲህ ያለ ጎረቤት የለኝም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ለሰፈሩ አዲስ ነው፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

የኛው፣ የጅማው ቦሳ ኪቶ ሰፈሩ፣ ክቡር ጋሽ ወልደሰማያት ይባላሉ። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። የሚሰጡት ግን ልብስ አይደለም፤ ዳሊያ የሚባል አበባ ነው።

እኔና ባለቤቴ ፍሬሰላም ቤቱን ተከራይተን ገብተን፣ ገና ዕቃችንን ፈተን ሳንጨርስ በሩ ተንኳኳ። አንድ ቀጭን ሽማግሌ አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለው፣ በጨርቅ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ቆመዋል። ተቀብዬ ፈታሁት። አፈር የለበሰ፣ ወፈር ወፈር ያለ ሥር ነው።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ድንች ነው?"

"ቀቅለህ ብትበላት አንተዋወቅም" አሉኝ። "ዳሊያ ናት። ዶማ አለህ?"

ዶማ አልነበረኝም። እሳቸው ይዘው መጥተዋል።

በቀለም ጉዳይ ድርድር አያውቁም። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቢጫ፣ አንድ ደግሞ ከምድጃ የወጣ ፍም የሚመስል አላቸው። ከዚህ ውጪ ያለው በእሳቸው ዘንድ ቅጠል ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን አሚራ ከሰርቦ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ዳሊያ አምጥታ ተከለች። ጋሽ ወልደሰማያት ቆመው አዩት፤ የኮታቸውን ቁልፎች እስከ ላይ ቆለፉና "ይቺን ሳይ ይበርደኛል" ብለው ሄዱ። ነጭ ለሚጠይቃቸውም መልሳቸው አንድ ነው፦ "ቀና ብለህ ሰማዩን እይ። የጅማ ሰማይ መቼ ነው ነጭ ያልሆነው? እኛ ከታች ካላሞቅነው ማን ያሞቀዋል?"

ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ጉብኝት አለ። መጀመሪያ ሰላምታ የሚደርሳት አበባዋ ናት። "አካም ቡልቴ?" ይሏታል ጎንበስ ብለው፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ውሃ አበዛህባት" ይላሉ። ማታ የዘነበው ዝናብ መሆኑን ባስረዳም ጥፋቱ ከእኔ አይወርድም። ዘንጓ ከረዘመ በእንጨት ያስደግፏትና በሱፍ ቁራጭ ያስሯታል። ከሙሽሮች ሱፍ የተረፈው ሁሉ እኛ ግቢ ነው ያለው። "አበቦቹ ካንተ የተሻለ ይለብሳሉ" ትለኛለች ፍሬሰላም።

የአሚራ ፍየል አንዷን ቀይ ዳሊያ ከነግንዷ የበላች ዕለት፣ አሚራ ለባሏ ለሙርሺድ እንኳ ሳትናገር እኛ ቤት ሮጣ መጣች።

"ያ ረቢ! ምን ልበላቸው?"

"ፍየሏ ናት የበላቻት በያቸዋ።"

"ፍየሏንስ የሰጡኝ እሳቸው አይደሉ!"

እውነትም ፍየሏን የሰጧት እሳቸው ነበሩ። ፍርዱ እንዴት እንደሚሆን ሰፈሩ ሁሉ ጠበቀ። ጋሽ ወልደሰማያት አሚራን ምንም አላሏትም። ፍየሏን ግን አኮረፏት።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የነአሚራ ልጅ ናኢማ ታጨች። አባቷ ሙርሺድ እንጨት ሠራተኛ ነው፤ ለሙሽሮቹ መኖሪያ እዚያው ግቢው ውስጥ ሊሠራ ቆረጠ። ባዶ ቦታ ያለው በአጥሩ በኩል ብቻ ነበር። በአጥሩ በኩል ደግሞ የጋሽ ወልደሰማያት ዳሊያዎች ጫካ ሆነው አብበዋል።

የቸገረው ሲሚንቶና አሸዋ አልነበረም። ማን ይንገራቸው ነው የቸገረው።

"አንተ አንደበት አለህ፤ በዘዴ ንገርልኝ" አለኝ ሙርሺድ።

"እኔ ተከራይ ነኝ" አልኩት።

በመጨረሻ፣ እህታቸውን ሊጠይቁ ሰርቦ የሚሄዱበት ቀን ተመረጠ። እሳቸው በጠዋት ተሳፈሩ፤ ቆፋሪዎቹ ገቡ። እኔም ላግዝ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ሲያካፋ፣ እህታቸው ለቅሶ ሄዳ አጥተዋት ኖሮ፣ ጋሽ ወልደሰማያት ሳይታሰቡ በበሩ ብቅ አሉ። ዳሊያዎቹ ከነአበባቸው ተነቅለው ጭቃው ላይ ተቆልለዋል። ቆፋሪዎቹ ነገሩ ባይገባቸውም ቆሙ። አሚራ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

"ለምን አልነገርከኝም?" አሉት ሙርሺድን።

"እንዳይከፋዎት ብዬ ነው ጋሼ። ወላሂ።"

"ከፋኝ እኮ።"

ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። አንዱን ሥር አንስተው ጭቃውን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

"መንገዱ ሲሰፋ ከሱቄ ፊት የነበረችኝ የአትክልት ቦታ ሄደች። ግሬደሩ ሳይደርስባት እነዚህን ነቅዬ ለእናንተ አካፈልኩ። አሁን የማድረው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ አንዲት ዘር የምጥልበት የለኝም። እናንተ ቤት የምመላለሰው ሌላ የማየው ስለሌለኝ ነው። ብትነግረኝ፣ ለልጅህ ቤት አትሥራ እልህ ነበር? ቀደም ብዬ በደህና እነቅላት ነበር እንጂ።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ዶማ ይዘው በሰው ግቢ የሚዞሩትን ሰውዬ፣ የራሳቸው ግቢ ሞልቶ የተረፋቸው አድርጌ ነበር የማስባቸው።

"አፉ ይበሉኝ ጋሼ" አለ ሙርሺድ።

"በል መቀስ አምጣ። አበባው ካልተቆረጠ ሥሩ አይተርፍም።"

በሕይወታቸው አንዲት ዘንግ ለማንም እንድንቆርጥ ያልፈቀዱ ሰው፣ አበባውን አንድ በአንድ ቆርጠው፣ ባልዲ ውስጥ ጭቃውን አጥበው፣ እቅፍ ሙሉ ለናኢማ ሰጧት። ናኢማ ፊቷን በአበባው ውስጥ ደብቃ አለቀሰች። "ምን ያስለቅስሻል፤ ደማቅ ነው እኮ" አሏት።

ሥሩን በጋሪ አድርገን ወደ እኛ ግቢ ገፋነው።

"ቦታ አለህ?" አሉኝ።

"ያለው ጎመን ተተክሎበታል ጋሼ።"

"ጎመን ገበያ ላይ ሞልቷል።"

በካፊያው ውስጥ ሙርሺድ ቆፈረ፣ እኔ ተከልኩ፣ እሳቸው ተቆጡ። አንዳንዱ በስብሶ ቀረ፤ የሚበዛው ግን ያዘ። ዘንድሮ ግቢያችን ከመንገድ ሲታይ የተለኮሰ ይመስላል፤ የጠዋቱ ጉብኝትም ረዝሞ ቁርሳችንን አልፎ ይሄዳል።

በቅርቡ ቲጃኒ የሚባል ደላላ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ውስጥ አንድ የሚከራይ ቤት አሳየኝ። ሰፊ ነው፤ ውሃ አይጠፋበትም፤ አጥሩ ረጅም ግንብ ነው።

"እዚህ እንደ ልብህ ነህ" አለኝ ቲጃኒ ግንቡን በመዳፉ እየመታ። "ማንም በርህን አያንኳኳም።"

በረንዳው ላይ ጥቂት ቆምኩ። እውነቱን ነው፤ ጭጭ ያለ ነበር። ከዚያ አልፈልገውም አልኩት።

"ምን ጎደለው?" አለ ተናድዶ።

"ምንም" አልኩት። በጠዋት መጥቶ የሚቆጣኝ ሰው የለበትም ብዬ ብነግረው አይገባውም ነበር።