ሶፋ ላይ የከረመ ባል

እኛ ሰዎች ስለ ሁለት ነገር ማውራት አንወድም፤ ስለ ሞትና ስለ መኝታ። ሞትን የሚያነሳውን «ክፉ አታውራ» እንለዋለን፤ መኝታን የሚያነሳውን ደግሞ «ልጆች አሉ» ብለን ዝም እናሰኘዋለን፣ ልጆቹ አግብተው ቢወጡም እንኳ። እኔም በሁለቱም ላይ በሬን ዘግቼ ስድሳ ሁለት ዓመት በሰላም ኖሬ ነበር። አንድ ቀን ተያይዘው መጡ።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የነበረው ተሾመ በድንገት ሞተ። ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ልቡ ቀጥ ያለው ከሚስቱ ጋር አልጋ ላይ ሳለ መሆኑን ሹክ አለኝ። እውነት ይሁን ሐሜት አላጣራሁም። እኔም ደም ግፊት አለብኝ። በዚያው ሳምንት «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላጋባብሽ» ብዬ ብርድ ልብሴን ታቅፌ ሳሎን ሶፋው ላይ ሰፈርኩ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ ሳሎን ብቻውን የሚተኛ ባል ምን ያህል እንደፈራ ይገባዋል።

ጉንፋን ግን ሁለት ወር አይቆይም። ባለቤቴ አስካለ ምንም ሳትል ከርማ፣ አንድ ቅዳሜ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ደረስኩባት። እነዋሪ ከተማ፣ እህቷ ጋ ልትሄድ ነው።

«አርጅቼብሃለሁ መሰለኝ» አለችኝ ልብሷን እያጠፈች። «እዚያ ቢያንስ የሚሸሸኝ የለም።»

ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ ለኖረች ሴት «አጠገብሽ ስተኛ እንዳልሞት ፈርቼ ነው» ተብሎ እንዴት ይነገራል? እስቲ እናንተ ሞክሩት። እንድትሄድ ግን አልፈለግሁም። ልጃችን አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ጠቁማን ነበርና «መጀመሪያ እሷ ጋ እንሂድ» ብዬ ለመንኳት።

አማካሪዋ የመጨረሻ ልጄን ታክላለች። «አባባ፣ ከእማማ ጋር መኝታ ከለዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለችኝ። ሰው «አባባ» ብሎ ጀምሮ ወደዚህ ይገባል? ጣሪያውን አየሁ። እሷ አልቸኮለችም። ቆየት ብላ «ምን ይመጣል ብለው ነው የፈሩት?» ስትለኝ የተሾመን ነገር ዘረገፍኩት። መሞት እንደምፈራም ተናገርኩ።

አስካለ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔስ የማልፈራ ይመስልሃል?» አለች። «ከተሾመ ለቅሶ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የሳሎኑ በር ላይ ቆሜ ትንፋሽህን ሳዳምጥ ነው የከረምኩት።» ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ጨመረች፦ «የምትሞት ከሆነም አልጋህ ላይ ሙት። ሶፋው ለለቅሶ ደራሽ ይፈለጋል።»

አማካሪዋ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልቻለችም። እኔም እየሳቅሁ ዓይኔን ጠረግሁ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልቤን አዳምጦ «መድኃኒትዎን አያቋርጡ፣ ከዚያ በተረፈ እንደ ሰው ይኑሩ» አለኝ። ሻንጣውም ተፈታ። ሞትን መፍራቴ አልቀረም፤ አሁን ግን ስፈራ አስካለን ቀስቅሼ እነግራታለሁ፤ እሷም ተነጫንጫ እጄን ትይዘኛለች።

ለሁለተኛው ቀጠሮ በጣም አርፍደን ደረስን። አማካሪዋ ምን እንዳጋጠመን ጠየቀች።

«ባጃጅ ጠፍቶ ነው» አልኩ ፈጥኜ።

አስካለ ግን መዋሸት አይሆንላትም።

«አልጋው አልለቅ ብሎን ነው» አለች።