ሻይ የጠጣ ጋቢ

ስለዚያ መጽሐፍ የሚጠይቀኝ ስለበዛ አንዴ ልናገርና ልረፍ።

መጽሐፉ የልብስ ነው። ልብስ መጽሐፍ ይወጣለታል? ይወጣለታል። አምና አንዲት ፎቶ አንሺ ቆነጃጅት በመኪና ጭና ከአዲስ አበባ መጣች፤ ከጅጋ ወረድ ብሎ ካለው አውድማችን ድረስ። አንዷን ባለ ረጅም ጭራ ቀሚስ አልብሳ ገለባ ክምር ላይ አወጣቻት፤ ንግሥት ናት አለች። ሌላዋን በወርቅ አንቆጥቁጣ ሞፈር አስያዘቻት። በሬዬ እንኳ ፊቱን አዞረ።

እኔን የንግሥቲቱ ዘበኛ ይሁኑልን አለችኝ። ምን ከፋኝ፣ ቆምኩ። ጋቢዎ ግን በጣም ነጭ ነው፣ ዓይን ይወስዳል ብላ አስወለቀችኝ። ከሻንጣዋ ሌላ አወጣች፤ የተበጣጠሰ፣ ሻይ ውስጥ ነክረው ያስረጁት። ሻይ ለመጠጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለበስኩት። ባለቤቴ አትጠገብ ያን ቀን ገበያ ሄዳለች።

ዘንድሮ ፎቶ አንሺዋ መጽሐፉን ይዛልን መጣች። ደግ ናት፣ አልረሳችንም። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። የቀሚሱን ጭራ ያየ አንዱ፣ ይህ እኮ አውድማ ያለብሳል አለ። ሰው ሳቀ። የአትጠገብ ጣት ግን የእኔ ፎቶ ላይ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ የወንድ ጋቢ ሲታይ የምትመሰገነውም የምትታማውም ሚስቱ ናት፤ ጥጡን የምትፈትለው እሷ ናታ። አትጠገብ ደግሞ በፈትሏ የታወቀች ናት፤ ልጅ የሚድር ሁሉ ደጇን ይጠናል። አሁን ባሏ ቡትቶ ለብሶ በመጽሐፍ ወጣ። ጎረቤታችን ጥሩሰው ቀስ ብላ፣ «አምና ጥጥ ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አለች። ያቺ ናት የወጋቻት።

ፎቶ አንሺዋ ደነገጠች። እማማ፣ ይኼ ሁሉ እኮ ቴአትር ነው፤ ንግሥቲቱም ንግሥት አይደለችም፣ ወርቁም ወርቅ አይደለም ብላ አስረዳች።

አትጠገብ አስጨርሳ ሰማቻት።

«እሺ ልጄ፣ ቴአትር ይሁን። ታዲያ ሌላው ሁሉ ንግሥትና ሀብታም ሲሆን የኔ ባል ብቻ ለምን ደሃ ሆነ?»

ልጅቱ፣ እንግዲያው በራሳቸው ጋቢ እንደገና ላንሳቸው፣ መጽሐፉ ሲደገም እሱ ይወጣል አለች። አትጠገብ ፊቷ ፈታ አለ። እንደሱ ነው፣ እውነቱ ይታይ፤ እኔም ከጎኑ ልቁም፣ የፈተልኩት እኔ መሆኔ ይታወቅ አለች። መጣሁ ብላም ወጣች።

ቆየች። ነጩን ጋቢዬን ለብሼ ፀሐይ ላይ ጠበቅኳት። ስትመለስ አላወቅኳትም። አንገቷ ላይ የወርቅ ሐብል፣ ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻ፣ እጇ ላይ አዲስ ጃንጥላ። እኛ ቤት ወርቅ ገብቶ አያውቅም። ዞር ብል ጥሩሰው ከካሜራው ጀርባ ቆማለች፤ ባዶ አንገቷን በነጠላ ሸፍና፣ ዓይኗን ከሐብሉ ሳትነቅል።

ፎቶ አንሺዋ ስለ ጌጡ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አትጠገብ ቀደመቻት።

«ቶሎ አንሺን ልጄ፤ ጥሩሰው ወጥ ጥዳ ነው የመጣችው።»