ሚኒባስ ሙሉ ሰው የተሳለመው ሶላቶ

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ጣሊያን ሳመ። በእኔ ምክንያት!

ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

እዚህ ገጽ ላይ የቆያችሁ ታውቃላችሁ፤ ሥዕል እሰበስባለሁ። ዛሬ በሕይወት ያሉ፣ ነገሩን በእውነተኛ መልኩ የሚሥሉ ሠዓሊዎች ሥራ፣ ያውም ትንንሹን፣ ያውም የሌሊት ትዕይንት። ለምን ትንንሹን? ጥልቅ ምክንያት የለውም። የተከራየሁት ክፍል ጠባብ ነው።

አሁን ግድግዳው ሞላ። አንኮበር፣ አባባ ቤት ደግሞ ድሮ እህል ይቀመጥበት የነበረ ባዶ ክፍል አለ። የጉዞዬ ዓላማ ያንን ክፍል መለመን ነበር።

አባባ መሪጌታ ናቸው። ስለ ስብስቤ ያላቸው አስተያየት አጭር ነው፤ "ደግሞ ጨለማ ገዝተሽ መጣሽ?"

ስለዚህ ምርጡን ላሳያቸው ወሰንኩ። ከመጽሐፍ አይበልጥም። ዘመኑ የወረራው፣ ጊዜው ሌሊት፣ ቦታው ጠጅ ቤት። አንድ ሶላቶ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ብርሌ ጨብጧል፤ የኩራዙ ብርሃን ጉንጩን ይዞታል። ቀጂዋ ፊቷን አዙራ በሩን ታያለች። የሚመጣ ሰው እንዳለ እሷ ታውቃለች፤ እሱ አያውቅም።

ፍሬሙ እንዳይጫር በነጭ ነጠላ ጠቀለልኩት። መሬት እንዳላስቀምጠው ደረቴ ላይ አቆምኩት።

ስሕተቴ ገባችሁ አይደል?

እኔ አልገባኝም ነበር!

የመሪጌታ ልጅ። ነጭ ነጠላ። ደረት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር። አጠገቤ የተቀመጡት የሰፈራችን አሮጊት፣ እማማ አሰለፈች፣ "እሰይ! ለደብሩ ሥዕለ አድኅኖ አመጣሽልን?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ ተሳለሙት። በግንባራቸው፣ ከዚያ በከንፈራቸው።

"አይደለም" ማለት ነበረብኝ። ዲግሪ አለኝ፤ ይቺን ቃል ግን የሚያስተምር ኮርስ አልወሰድኩም።

ከኋላ ያሉትም እየተነሱ ተሳለሙ። ሹፌሩ ዘፈኑን አጥፍቶ መዝሙር ከፈተ። አልዩ አምባ የሚነግዱ አንድ ሐጂ "የተከበረ ነገር ይዛ በሩ ሥር አትጨናነቅ" ብለው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁልኝ።

በየኩርባው "አሁን እናገራለሁ" እላለሁ። በየኩርባው አንድ ሰው ይሳለማል።

እማማ ለካ ለአባባ ደውለዋል! የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ስንደርስ አባባ ነጭ ለብሰው፣ ጥላ ዘርግተው፣ ጫማቸውን አውልቀው የግቢያችን በር ላይ ይጠብቁኛል።

ጫማቸውን አውልቀው! በአንኮበር ብርድ!

ተሳፋሪው ተከትሎኝ ግቢ ገባ። ሹፌሩ ሳይቀር።

"ግለጪው፣ ልጄ" አሉ አባባ።

"አባባ፣ መጀመሪያ ብቻችንን ብንሆን..."

"በረከት ለብቻ ነው እንዴ?"

ገለጥኩት።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

"ሶላቶ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እየጠጣ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ወይኔ! አባቴ በጦር ያባረረውን እኔ በከንፈሬ!"

ሐጂ ከበሩ አጠገብ "አልሐምዱሊላህ፣ እኔ አልሳምኩም!" አሉ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

አባባ አልሳቁም። ቀስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። ክፍሉ አለቀለት አልኩ በሆዴ።

እማማ ግን ሊሄዱ አልፈለጉም። "አንዴ ልትፋበት!"

"ተዉ፣ እማማ" አሉ አባባ፤ "ደመወዟን ያፈሰሰችበት ነው።"

"እንግዲያው በደንብ ልየው።"

ማየት ጀመሩ። ሌላውም ተጠጋ።

"ሴትየዋ በሩን ምን ታያለች?"

"ባሏ ነዋ! ከጫካ ሊመጣ ነው።"

"ባሏማ ቢሆን እንዲህ ረጋ አትልም። ወንድሟ ነው።"

"እናንተ ደግሞ! ብርሌውን አታዩም? መርዛዋለች እኮ!"

ክርክሩ ጦፈ። ሐጂ ከወንድሟ ወገን ሆኑ። ሹፌሩ መኪናውን ረሳ።

ልብ በሉ፣ ኤግዚቢሽኑ ላይ እዚህ ሥዕል ፊት የቆምነው እኔና ጥበቃው ብቻ ነበርን።

አባባ ሰዉን አዩ። ሥዕሉን አዩ። "ለሰንበቴ እንኳ ይህን ያህል ሰው አይመጣልኝም" አሉና ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ።

"ክፍሉን ውሰጂ። በሩ ላይ ግን በትልቁ ጻፊበት።"

"ምን ብዬ?"

"'የሚሳም የለም' ብለሽ።"

ሌላው ዓለም ጋለሪው ላይ "አትንኩ" ብሎ ይለጥፋል። እኔ ደግሞ ይኸው።

አሁን የሚያሳስበኝ እማማ አሰለፈች ነገ ንስሐ አባታቸው ዘንድ መሄዳቸው ነው። እስኪ ኮሜንት ላይ ፍረዱኝ፤ የንስሐው ስግደት የሚገባው ለማን ነው፣ ለሳሙት ለእሳቸው ወይስ ዝም ላልኩት ለእኔ?