ሩጫ በወኪል

የሰው ልጅ ለጤናው ሲል ስለከፈለው መሥዋዕትነት በተነገረ ቁጥር የቀወቱን ባላባት የግራዝማች ደምሴን ስም መዝለል ነውር ነው። እሳቸው በጣልያን ዘመን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሰውነታቸውን ለባለሙያ አደራ የሰጡ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ከሳቸው በፊት የነበረው ሕዝብ ግን ማሽላውን እየኮተኮተ፣ ውኃውን ከሮቢ ወንዝ እየተሸከመ፣ ያለ ምንም ባለሙያ በከንቱ ሲከሳ ኖሯል።

ነገሩ የተጀመረው በአዋጅ ነው። አዲስ የተሾመው የጣልያን አዛዥ፣ «የሹም ሰውነት የመንግሥት ንብረት ስለሆነ፣ በሰልፉ ዕለት ከወንዙ እስከ ባንዲራው በእግሩ ሮጦ ያልደረሰ ሹም ሹመቱን ይነጠቃል» ብሎ አስነገረ። ግራዝማች ደግሞ ከአልጋቸው ተነሥተው በቅሏቸው ዘንድ ለመድረስ እንኳ መሃል ላይ አንድ ጊዜ አረፍ ይሉ ነበር። ሹመቱን ያገኙት ጣልያን በገባ ማግስት ከሰው ሁሉ ቀድመው እጅ ነሥተው ነው። በዚያ ሆድ ጎንበስ ማለት ቀላል አልነበረም፤ ያ ሁሉ ድካም ገደል ሊገባ ነው። በእውነት ያሳዝናል።

ባለሙያ ተፈለገ። ደግነቱ፣ የጭነት መኪናው ተሰብሮበት ሮቢት የቀረ ሲኞር ቤፔ የሚባል ጣልያን ነበር። ሥራው ሾፌርነት ነው፤ ግራዝማች ባለሙያ መፈለጋቸውን በሰማ ጊዜ ግን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር መሆኑ ትዝ አለው። ደመወዙ በየሳምንቱ አንድ ፍየል እንዲሆን ተስማሙ። ግራዝማች ለጤና የሚወጣ ወጪ ወጪ እንዳልሆነ ስለሚያምኑ፣ ፍየሎቹን ሳይሳሱ ከጭሰኞቻቸው ደጅ ያስነዱ ጀመር። መጀመሪያ የተነዳችው የጋሻ ጃግሬያቸው የከቢር እናት፣ የእትዬ ራህመት ፍየል ነበረች። እትዬ ራህመት ሌላ ፍየል አልነበራቸውም።

በመጀመሪያው ጧት ሲኞር ቤፔ ወንዙ ዳር ቆሞ፣

«ሩጥ!» አላቸው። አማርኛ ለምዷል፤ «አንቱ» ላይ ግን ገና አልደረሰም።

ግራዝማች ዞረው ኋላቸውን አዩ። ማንም የለም።

«ማን ይሩጥ?»

«አንተ። ሆድ ያንተ፣ ሩጫ ያንተ።»

«ሰውዬ፣ ለሙግት ነገረ ፈጅ አለኝ። ለእርሻ ጭሰኛ አለኝ። ንስሐ እንኳ ሲሰጠኝ ስግደቱን የሚሰግዱልኝ መነኩሴ አሉ። ለሩጫ ጊዜ እኔው ልገኝ?»

ደግሞም ባላባት ሲሮጥ ያየ ገበሬ ጦር የተፈታ እንደሚመስለው፣ አገርም እንደሚሸበር ለሲኞር ቤፔ ተብራራለት። ሲኞር ቤፔ ጥቂት አሰበ። በዚያው ቅጽበት የፍየሏ ጥብስ ሽታ አፍንጫው ደረሰ።

«በወኪል ይቻላል» ብሎ ፈረደ። ሳይንስ ማለት ይህ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቢር በግራዝማች ስም ይሮጥ፣ በግራዝማች ስም ድንጋይ ያነሣ ገባ። ግራዝማችና ባለሙያቸው ከሾላው ጥላ ሥር እየበሉ በቅርብ ይከታተሉታል።

«እንዴት ነን ዛሬ?» ይላሉ ግራዝማች፣ ከቢር ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲመለስ።

«ደክሞናል ጌታዬ።»

«ለካስ ጉልበቴን የሚቆረጥመኝ ለዚህ ነው!» ይሉና እንዲያገግሙ አንድ ሙዳ ይጨምራሉ።

አንድ ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች ቀበቷቸውን ይዘው መጡ።

«ኧረ አልደርስ አለ እኮ።»

«ቀበቶው ጠቦ ነው?»

«የለም፣ እርስዎ ሰፍተው ነው።»

ግራዝማች ተቆጡ። ጥፋቱንም ወዲያው አገኙት፤ ወኪላቸው ለግሟል። ሩጫው በእጥፍ እንዲሆን፣ ከቢርም በደብረ ሲና በኩል ያለውን ዳገት እስከ አፋፉ እንዲወጣ ታዘዘ። አፋፉ ላይ አርበኞች መሽገዋል ይባል ነበር። ከቢር ግን ትእዛዝ ነውና ያለ ምንም ማጉረምረም በየቀኑ ወጣ፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ቆየት ብሎ ይመለሳል።

የሰልፉ ዕለት ደረሰ። አዛዡ ግራዝማችን በስም እንጂ በመልክ አያውቃቸውም፤ ባስጠራቸው ቁጥር «ልምምድ ላይ ናቸው» ይባል ነበር። ስለዚህ ካባቸው ለከቢር ተደረበለት፣ ባርኔጣቸውም ተደፋለት።

«ስምህ ማነው?» ብለው ግራዝማች ፈተኑት።

«ግራዝማች ደምሴ።»

«አደራ፣ እንዳታዋርደኝ።»

«ምን በወጣዎት ጌታዬ። ስምዎን አስጠራዋለሁ።»

ከቢር በረረ። ሌሎቹ ሹማምንት እኩሌታው ላይ ሆዳቸውን ይዘው ሲያቃስቱ፣ እሱ ባንዲራው ሥር ቆሞ ካባውን ያስተካክል ነበር። አዛዡ አቅፎ ሳመው፤ «ሹም ማለት እንዲህ ነው!» አለና ለግራዝማች ደምሴና ለአሽከሮቻቸው የሚሆን ጠመንጃ ከነጥይቱ በአህያ አስጭኖ አስረከበው። ግራዝማች ይህን ከሾላው ኋላ ተደብቀው ሲያዩ «አበጀሁ!» አሉ። ጤና ይህን ያህል ጸጋ መሆኑን አያውቁም ነበር።

በማግስቱ ወሬው ሮቢትን አዳረሰ። ግራዝማች ደምሴ ጠመንጃውን ከነአህዮቹ ነድቶ አፋፉ ላይ ወጥቷል፤ ሸፍቷል። አዛዡ፣ «ግራዝማች ደምሴ የተባለውን ያዙ፤ እንቢ ካለ ተኩሱ» ብሎ ወታደር ሰደደ።

«የሸፈተው ስሜ ነው እንጂ እኔ መች ሸፈትኩ!» አሉ ግራዝማች።

«ሄደው ይንገሩታ» አሉ ወይዘሮ አበበች። «ሰልፉ ላይ የሮጥኩትም እኔ አይደለሁም ብለው ይጨምሩለት።»

ከውጭ የወታደር ጫማ ተሰማ። ሲኞር ቤፔ የፍየል ጭን እንደያዘ በጓሮ ሾልኮ ሄዷል።

«ኧረ ይሩጡ!» አሉ ወይዘሮ አበበች።

«ከቢር!» ብለው ተጣሩ ግራዝማች፣ እንደ ልማዳቸው።

ከቢር ዳገቱን ከጨረሰ ቆይቷል። ግራዝማች ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሮቢ ወንዝ ሮጡ፤ ራሳቸው፣ በገዛ እግራቸው። ማሽላ የሚኮተኩተው ገበሬ ቀና ብሎ አያቸው። ባላባት ሲሮጥ ትርጉሙ አንድ ነውና፣ የጣልያን ጦር የተፈታ መስሎት እልልታውን አቀለጠው።

እትዬ ራህመትም ከደጃቸው ወጥተው ግራዝማች ማሳውን ሲያቋርጡ በእጃቸው ዓይናቸውን ከልለው ተመለከቱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ «ፍየሌ በከንቱ አልተበላችም።»