የውጭ ባለድርሻ አካል

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ቤተሰብ የሚባለውን ታላቅ ተቋም ያለ ዕቅድ፣ ያለ መመሪያና ያለ ክትትል ሲመሠርት ኖሯል። ወንድና ሴት ይገናኛሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ ልጁን እየሳሙም እየተቆጡም ያሳድጉታል፤ በቃ። ራእይ የላቸው፣ ተልእኮ የላቸው፣ የአፈጻጸም ግምገማ የላቸው። ይህ አሳፋሪ ዝርክርክነት ቢያንስ በአንድ ግቢ ውስጥ ያበቃው፣ አዳሪ ትምህርት ቤቱ አዲሱን ርዕሰ መምህር ያገኘ ዕለት ነው።

ርዕሰ መምህሩ ባለ ራእይ ሰው ነበር። ሌላው ሰው ዓይኑን ሲጨፍን እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እሱን ራእይ ይወስደዋል። ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ የግቢውን አጥር ነጭ ቀለም አስቀባና ከበሩ በላይ በትልልቁ አስጻፈበት፦ «ራእያችን፦ ፍቅር በዕቅድ የሚመራበት አንድ ቤተሰብ ሆኖ መገኘት።» ከሥሩ እሴቶቹ ተከተሉ፤ መተቃቀፍ፣ መደማመጥ፣ ሰዓት ማክበር። መተቃቀፍና ሰዓት ማክበር እንዳይጋጩ ታስቦም መተቃቀፍ ከጠዋት ሰልፍ በኋላ በደወል እንዲከናወን ተወሰነ። ደወሉ ሲጮህ ተማሪው አጠገቡ ያለውን ያቅፋል፤ ደግሞ ሲጮህ ይለቃል። ቀድሞ የለቀቀ ይመከራል፤ ዘግይቶ የለቀቀ ይቀጣል።

ቀጥሎ የዝምድና ምደባ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ያለ ተወዳዳሪ «አባት» ሆኖ ተመደበ። ምክትሉ «አጎት» ሆነ። የሒሳብ መምህሯ «አክስት» ስትባል «ኧረ ቢያንስ ታላቅ እህት አድርጉኝ» ብላ ቅሬታ አቀረበች፤ ዕድሜዋ ለእህትነት ከተፈቀደው ጣሪያ ማለፉ ተገልጾላት ቅሬታዋ ውድቅ ሆነ። ዘበኛው ጋ ሲደርስ ዝምድናው ሁሉ ተመድቦ አልቆ ስለነበር፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ጎረምሳ «አያት» ተባለ። ልብስ አጣቢዋ ግን ዕድሜዋም ገፋ ያለ፣ ደረቷም ሰፊ በመሆኑ «ታላቋ እናት» የሚለው ማዕረግ ለእሷ ተሰጠ። ተጨማሪ ሥራዋ እንግዳ በመጣ ቁጥር መድረክ ላይ ወጥታ ርዕሰ መምህሩን «ልጄ!» ብሎ ማቀፍና ደወሉ እስኪጮህ ማልቀስ ነበር። በሥራዋ ጠንቃቃ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ከደወሉ አሳልፋ አታውቅም።

አንድ ያልተፈታ ችግር ቀረ። ተማሪዎቹን የወለዱት ሰዎችስ ምን ይባሉ? አባት ተይዟል፣ እናትም ተይዛለች። ርዕሰ መምህሩ ለዚህም መላ አላጣም፤ ወላጆች «የውጭ ባለድርሻ አካላት» ተባሉ። የውጭ ባለድርሻ አካል የሚገባው በቀጠሮ፣ የሚያቅፈው በደወል ሆነ። አንዲት አዲስ ተማሪ ናፍቆት ጠንቶባት ስታለቅስ ብትውል ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠርቶ በአባታዊ ትዕግሥት አስረዳት።

«አሁን የት ነው ያለሽው?»

«ትምህርት ቤት።»

«አይደለም፤ ቤትሽ ነው ያለሽው። ታዲያ ቤትሽ ተቀምጠሽ ወዴት ነው ‹ቤቴ ልሂድ› የምትዪው?»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። እሱም ሌላ ነፍስ አሳመንኩ ብሎ ደስ እያለው ወደ ክፍሏ ሰደዳት።

ይህን የመሰለ ሥራ ተደብቆ አይቀርምና፣ ትምህርት ቤቱን ከነቅርንጫፎቹ የሚመራው ቦርድ «አርአያ ቤተሰብ» የሚል ሽልማት አዘጋጅቶ ገምጋሚ ኮሚቴ ላከ። ሽልማቱን ያገኘ ርዕሰ መምህር በየከተማው ላሉት ቅርንጫፎች ሁሉ የበላይ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሹመት እንዴት እንደፈለገው መናገር ያስቸግራል። መስተዋት ፊት ቆሞ ሽልማቱን በትሕትና መቀበል ሲለማመድ ከርሟል።

ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን «የቤተሰብ ቀን» ተብሎ ተሰየመ። የቤተሰብ ቀን በመሆኑም ማንም ዘመድ ግቢ ድርሽ እንዳይል ታዘዘ። ከጠዋት ጀምሮ የተማሪው እናትና አባት እየመጣ ከበር ሲመለስ አረፈደ። ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን እያስተካከለ ሳለ የበሩ ስልክ ጮኸ።

«አባታችን፣ አንዲት የውጭ ባለድርሻ አካል በር ላይ ቆመዋል» አለ ዘበኛው።

«ዛሬ ዘመድ አይገባም አላልኩህም?»

«ብያቸዋለሁ፤ ንቅንቅ አልል አሉ።»

«የማን ባለድርሻ ናቸው?»

«የእርስዎ።»

ርዕሰ መምህሩ ቁጭ አለ። እናቱን ርዕሰ መምህር ከሆነ ወዲህ አላያቸውም። «ሥራው ፋታ ሲሰጠኝ እመጣለሁ» እያለ ነው የከረመው፤ ሥራው ደግሞ ፋታ የሚሰጥ ሥራ አልነበረም። እሳቸው ደጋግመው ወደ ቢሮው ደውለዋል። ጸሐፊዋ «በምን ጉዳይ ነው?» ስትላቸው «በልጄ ጉዳይ» ይላሉ፤ «ስንተኛ ክፍል ነው?» ትላቸዋለች፤ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

«ምን ፈልገው ነው አሉ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነገ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነው። ሐኪሙ ሊበራም ላይበራም ይችላል ብሏቸዋል። ‹ከዚያ በፊት ፊቱን አንዴ ልየውና እሄዳለሁ፤ ሌላ ምንም አላስቸግረውም› ነው የሚሉት። ደግሞ...»

«ደግሞ ምን?»

«አያት ነኝ ብላቸው ሳቁብኝ።»

እውነቱን እንናገር፤ ተነሥቶ የበሩን እጀታ ይዟል። ግን በመስኮቱ በኩል የኮሚቴው መኪና ወደ ግቢው ሲታጠፍ አየ። ስንቱን እናት ከበር መልሶ የራሱን እናት ቢያስገባ ኮሚቴው ምን ይላል? ያ ሁሉ የበላይነት፣ ያ ሁሉ ቅርንጫፍ ገደል መግባቱ አይደል?

«ይጠብቁኝ በላቸው፤ ከፕሮግራሙ በኋላ እመጣለሁ። ወንበር ስጣቸው።»

«ወንበሬን ለአዳራሹ ወስደውታል።»

«እንግዲያው ዛፉ ጥላ ሥር ይቁሙ።»

«እዚያ የኮሚቴው መኪና ሊቆም ነው።»

«አንተ አያት አይደለህ እንዴ? መላ ፍጠር!» አለና ስልኩን ጠረቀመው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ አንድ ወፍራም አባል ወንበሩን ሞልቶ ተርፎታል። ርዕሰ መምህሩ ንግግሩን ጀመረ። ስለ እናት ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ በእርሳስ ተሰምሮ ነበርና። ሲደመድምም «እዚህ ግቢ የሚያዛምደን ሥጋ አይደለም፤ እሴት ነው! እኔ ራሴ ከዚህ ቤተሰብ በቀር ሌላ ቤተሰብ የለኝም!» ብሎ ጮኸ። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። እሱ ግን በመሀል ቆም ብሎ ውሃ ጠጣ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ጉድ ፈልቷል። ልብስ አጣቢዋ ሌሊቱን ጥርሷን ሲያማት አድሮ አንድ ጉንጯ እንደ ኳስ ተነፍቷል፤ ከንፈሯም አልታዘዝ ስላላት «ልጄ» ለማለት ስትሞክር የሚወጣው ነገር ስድብ ይመስላል። ምክትሉ፣ ማለትም አጎት፣ እናት ፍለጋ ወደ በሩ በረረ። እዚያ ያገኛቸውን አሮጊት ማንነት ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም፤ ርዕሰ መምህሩም ስለ ስልኩ ለማንም ትንፍሽ አላለም። በበሩ ላይ የተባለውን ዘበኛው ኋላ ለሰው ሁሉ አውርቶታል።

«እማማ፣ ማልቀስ ይችላሉ?»

«ኧረ በደንብ አድርጌ።»

«እንግዲያው ይተባበሩን። መድረክ ላይ አንድ ሰው ያቅፉልናል፤ እንደ ልጅዎ አድርገው ነው የሚያቅፉት።»

«ማንን ነው የማቅፈው?»

«ርዕሰ መምህሩን።»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና «እስቲ እሞክራለሁ» አሉ።

«አሁን ታላቋ እናታችን ልጃቸውን ያቅፋሉ!» ተብሎ ደወሉ ተደወለ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ የልብስ አጣቢዋን ሰፊ ደረት እየጠበቀ ዞር ሲል እናቱን አየ። የተዘረጉት እጆቹ ወደ ጎኑ ወረዱ። እሳቸው አንድ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ወለሉን በእግራቸው እየዳበሱ መጡ። ሲደርሱ አላቀፉትም። ፊቱን በሁለት መዳፋቸው ይዘው አፍንጫቸው አፍንጫውን እስኪነካ ድረስ ወደ ራሳቸው አስጠጉት፤ አዩት። ግንባሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ቅንድቡን፣ አገጩን። ደግመው አዩት።

«ከሳህ» አሉ። በልምምዱ ያልነበረ ቃል ነው። «ፀጉርህም ሸሸ። ማሙሽዬ፣ ማነው የሚያበላህ?»

ተማሪው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። አሮጊቷ ግን ያኔ አንገቱ ሥር ገብተው አለቀሱ፤ ድምፅ ያልነበረው፣ ትከሻን ብቻ የሚያርገፈግፍ ልቅሶ ነበር። የመልቀቂያው ደወል ጮኸ። አልለቀቁም። ምክትሉ ዓይኑን አፍጥጦ ምልክት ሰጠ፤ ደወሉ ደገመ። አልለቀቁም። የርዕሰ መምህሩ እጆች ማንም ሳያዛቸው ቀስ ብለው ተነሥተው የእናቱን ጀርባ ነኩ። ሳቁ ቆመ። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ ሲነፋረቅ ተሰማ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ያለ ፈቃድ ማልቀስ ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ እጆቹን መልሶ አወረደ።

ኮሚቴው ተመካክሮ አስተያየቱን እዚያው ሰጠ። «በአጠቃላይ ድንቅ ነው» አለች ሰብሳቢዋ መነጽሯን እየሰካች። «ምደባው፣ ደወሉ፣ ንግግሩ፣ ሁሉም እውነተኛ ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ ያሳየን ነው። አንድ ደካማ ጎን ብቻ አይተናል፤ እናቲቱ። የተጋነነ ነው። እናት ልጇን ስታገኝ እንዲህ አትሆንም። ፊት መዳበሱ ደግሞ ከየት የመጣ ነው? ፈጽሞ አያሳምንም።»

«‹ከሳህ› ማለትስ?» አለ ወፍራሙ አባል። «ሰውየው ከእኔ በምን ያንሳል?»

«ለመሆኑ እኚህ ሴት ማን ናቸው?»

አሮጊቷ ድምፁ ወደመጣበት ፊታቸውን አዞሩ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ ሕፃን ልጅ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የሚላት ቃል ናት። ቃሏ ጉሮሮው ድረስ መጣች። እዚያ ከቅርንጫፎቹ ሁሉ ጋር ተገናኘች፤ ቅርንጫፎቹ ብዙ ነበሩ፣ እሷ ግን ብቻዋን ነበረች።

«የውጭ... ባለድርሻ አካል ናቸው» አለ። «በቂ ልምምድ አላገኙም። አስተያየቱን በጸጋ ተቀብለናል፤ በምትካቸው የሠለጠነች እናት እንመድባለን።»

«እንዲህ ነው እርምትን መቀበል!» አለች ሰብሳቢዋ ተነሥታ። ሽልማቱም በጭብጨባ ተሰጠ። ከባድ የብርጭቆ ዋንጫ ስለነበር ርዕሰ መምህሩ በሁለት እጁ ታቅፎት ቆመ፤ በመስተዋት ፊት የተለማመደው ትሕትና ግን ፊቱ ላይ አልመጣ አለው።

ምክትሉ አሮጊቷን በክንዳቸው ይዞ ሊያወጣ ሲል ሰብሳቢዋ አዘነችላቸው። ደግ ሴት ናት። «አይዞዎት እማማ፣ ለዛሬ ነው እንጂ እየለመዱት ይመጣሉ» አለቻቸው። «ግን ምን ነክቶዎት ነው እንዲያ ያበዙት?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። ወደ ሰብሳቢዋ እንጂ ዋንጫ ወደታቀፈው ሰው አላዩም።

«ይቅር ይበሉኝ የኔ እመቤት፤ ዓይኔ ደክሟል። ልጄ መስሎኝ ነው።»